የቤንጋል የአጥሚት ቤቶች (1943)፦ ከጭልፋው እስከ መጋዘኑ የአገልግሎት ግምገማ

በቀን ለአንድ ሰው አራት አውንስ እህል፤ በአገሩ መለኪያ ሁለት ቻታክ፣ በግራም 115 ገደማ። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በ1943 ሁለተኛ አጋማሽ፣ ረሃብ በመታት በምሥራቅ ሕንዷ ክፍለ ሀገር በቤንጋል (ዛሬ ባንግላዴሽና የሕንዱ ምዕራብ ቤንጋል) ያሠራቸው ነፃ የአጥሚት ቤቶች ለተራበ ሰው የመደቡት ይህንኑ ነው። በውሃ ሲቀቀል ድስቱ ይሞላል፣ ሆድም ለጊዜው ይነፋል፤ ጉልበት ግን አይሆንም። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የሰማንያ ዓመት አገልግሎት አሁን መገምገም ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ይጠቅማል፤ የበሰለ ምግብ በጅምላ ማደል ዛሬም አልቀረም፣ የቤንጋሉ ስሕተትም አንድ ባንድ ተመዝግቦ የተቀመጠ ነው። አጥሚት ቤቶቹ ማንንም አላዳኑም አንልም። በኖቬምበር 1943 ቁጥራቸው ከ6,000 በላይ ደርሶ ነበርና ያለ እነርሱ የሚሞተው ሰው ይበዛ ነበር። ፍርዳችንን ግን አናዘገይም፦ ምጣኔው የተሰላው መጋዘን ውስጥ ካለው ተነሥቶ እንጂ ሰው ለመኖር ከሚያስፈልገው ተነሥቶ አልነበረም። ከአምስት ኮከብ አንድ ብንሰጠው፣ እሱም ጭልፋ ይዘው ለቆሙት ሠራተኞች ነው።

ምጣኔው

አራት አውንስ ሩዝ ወይም ማሽላ 400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ዛሬ የዕርዳታ ድርጅቶች ሲያቅዱ የሚነሡበት መጠን ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። የቤንጋሉ ድርሻ አንድ አምስተኛው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በደኅናው ጊዜ የአገሩ የጉልበት ሠራተኛ በቀን ግማሽ ሴር ያህል ሩዝ፣ ማለትም ስምንት ቻታክ፣ በልቶ ነው የሚውለው። ስለዚህ አጥሚት ቤቱ የሰጠው ከለመደው ሩቡን ነው፤ ዓሣውንና አትክልቱን ሳንቆጥር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። እህሉን አንድ ለአሥር ውሃ አድርጎ ለቀቀለው ሰው 115 ግራም ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ቀጭን አጥሚት ይወጣዋል። ሳህኑ ሙሉ ነው። የጎበኘው ሹም ሙሉ ሳህን አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አገልግሎት የሚቆጣጠር ሰው ድስት ማየት አይበቃውም፤ ጠዋት ከመጋዘን የወጣውን እህል አስመዝኖ ለበላው ሰው ቁጥር ማካፈል አለበት። ቁጥሩ ከታቀደው ካነሰ ወይ ውሃ ተጨምሯል፣ ወይ ጆንያው በመንገድ ቀልሏል። በቤንጋል ሁለቱም ነበሩ።

መጠኑ ለምን እንዲህ አነሰ? ቤንጋል ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የወረሰችው የረሃብ ደንብ የሚባል መመሪያ ነበራት። ረሃብ በይፋ ሲታወጅ ደንቡ አስተዳደሩን ያስገድዳል፤ ጉልበት ላለው የመንገድና የአፈር ሥራ ተከፍቶ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ለደከመው ደግሞ በተወሰነ መጠን እህል ይታደለዋል። በ1943 አዋጁ አልወጣም። ተጠባባቂው አገረ ገዥ ቶማስ ራዘርፎርድ ለቫይስሮዩ፣ ማለትም በእንግሊዝ ንጉሥ ስም መላ ሕንድን ለሚገዙት እንደራሴ፣ የሰጡት ምክንያት የተሸፈነ አልነበረም፦ ደንቡ የሚያዘውን መጠን ለመስጠት የሚበቃ እህል በእጃችን የለም። እንግዲህ ረሃቡ ስሙ እንዳይጠራ የተደረገው፣ ከተጠራ የሚከፈል ዕዳ ስለነበረው ነው። ለተራበው በሕግ የሚገባው ነገር በዚህ መንገድ ምጽዋት ሆነ፤ ምጽዋት ደግሞ መጠኑን የሚወስነው ሰጪው ነው።

ድስቱ ውስጥ ያለው

በወረቀት ላይ ምግቡ ኪቹሪ ነው፤ ሩዝና ምስር አብረው ተቀቅለው፣ ጨውና እርድ ገብቶባቸው። የቤንጋል ሰው የሚያውቀው፣ ለታመመም የሚሰጥ ምግብ ነው። ሩዙ ግን አልነበረም። በምትኩ ከሌሎች ክፍለ ሀገሮች ማሽላና ባጅራ የሚባለው ደቃቅ ዘንጋዳ መጣ። እህሉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ማሽላ በልቶ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ማሽላ ይዘፈዘፋል፣ ይሸከሸካል፣ ይፈጫል፣ ከዚያም ረጅም እሳት ይፈልጋል። ሩዝ ሲቀቅል የኖረ አብሳይ፣ ወፍጮ በሌለበት፣ ማገዶ በጠፋበት፣ እህሉን እንዳለ ድስት ውስጥ ጨመረው። ላዩ ለስልሶ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ወጣ።

ይህን የበላው ደግሞ ጤነኛ ሰው አልነበረም። ለሳምንታት የተራበ ሰው አንጀቱ ይሳሳል፤ የምግብ መፍጫ ፈሳሹ ይቀንሳል። ገለባ ያለበት ጥሬ እህል ሲገባበት ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ተቅማጡም የቀረውን ውሃና ጨው ይዞበት ይወጣል። በጊዜው የነበሩ ሐኪሞች ይህን የረሃብ ተቅማጥ ለይተው መዝግበውታል፤ ብዙ ሰው የሞተው ምግብ ካገኘ በኋላ ነው። ዛሬ እጅግ ለተጎዳ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ያለው፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ የወተት ድብልቅ መሆኑ በምክንያት ነው። በቀን አንዴ፣ በገፍ፣ ጥሬ ማሽላ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ለማነጻጸር፦ ወደ ቤንጋል ዋና ከተማ ወደ ካልካታ የጎረፈው የገጠር ሰው በየደጁ እየዞረ የለመነው ሩዝ አልነበረም። «ፋን» ነው፤ ሩዝ ሲቀቀል የሚደፋው ነጭ ውሃ። ሩዝ የሚሰጥ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፣ የሚደፋ ነገር ግን መለመን ይቻላል። ፋኑ ከአጥሚት ቤቱ ጥሬ ማሽላ ይልቅ ለሳሳ አንጀት የሚስማማ መሆኑ ለአስተዳደሩ የሚያኮራ አይደለም።

ሰዓቱና ቦታው

መመሪያው አጥሚት ቤቶቹ በአንድ ሰዓት እንዲያድሉ ያዝ ነበር፤ ሰው ከአንዱ በልቶ ወደ ሌላው እንዳይሄድ። ከሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ሲታይ ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን 400 ኪሎ ካሎሪ የበላ ሰው ሁለተኛ ቦታ ሄዶ ሌላ 400 ቢያገኝ ገና ከሚያስፈልገው ግማሽ አይሞላም። ማጭበርበር ተብሎ የተከለከለው ነገር ሰውየውን ሊያቆመው የሚችለው ብቸኛ መንገድ ነበር።

ርቀቱን እናስላ። ክብደቱ 40 ኪሎ የቀረ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ 30 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። አጥሚት ቤቱ ከመንደሩ አራት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 240 ይበላል፤ ከሳህኑ ከግማሽ በላይ መንገድ ላይ ቀረ። ለዚህ ነው ብዙዎች ወደ መንደራቸው መመለሱን ትተው አጥሚት ቤቱ አጠገብ የሰፈሩት። መጸዳጃ በሌለበት፣ ሁሉም ከአንድ ኩሬ በሚቀዳበት ቦታ መስፈር ደግሞ ኮሌራን መጥራት ነው። በ1943 መጨረሻ ወራት ኮሌራው ተነሣ።

ምግቡ የበሰለ ስለሆነ ተሰልፎ የመጣ ይበላል፣ መምጣት ያልቻለ ይቀራል። እግሩ ያበጠ ሽማግሌ፣ የወለደች ሴት፣ በልማድ ከቤት የማትወጣ ሙስሊም ወይም የደኅና ቤተሰብ እመቤት፣ ወባ የጣለው ልጅ፣ ሁሉም ከሰልፉ ውጪ ናቸው። በዕርዳታ ሥራ የበሰለ ምግብ ማደል የመጨረሻ አማራጭ የሚባለው ለዚህ ነው። ደረቅ እህል ለቤተሰብ በሳምንት ወይም በወር ቢሰጥ ሰው ቤቱ ሆኖ ያበስላል፣ ለታመመውም ያደርሳል። ደረቅ ዕደላ ግን ክምችት ይፈልጋል፤ አጥሚት ቤት ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር መጋዘን ይመቻል።

እህሉ የት ሄደ

ገምጋሚ ድስቱን ብቻ አይቶ ቢመለስ ጥፋቱን ሁሉ አብሳዩ ላይ ይጭናል። ጥፋቱ ከላይ ነው የጀመረው።

ጃፓን የበርማን (የዛሬዋን ምያንማር) ዋና ከተማ ራንጉንን የያዘችው በማርች 1942 ነው። በርማ ስትወድቅ ወደ ሕንድ ይገባ የነበረው የበርማ ሩዝ ቆመ። ወዲያው ደግሞ አስተዳደሩ፣ ጠላት ቢገባ የሚጠቀምበት አያግኝ በሚል፣ በቤንጋል የባሕር ዳርቻ አውራጃዎች ሁለት ትእዛዝ አወጣ፦ ትርፍ ሩዝ ተገዝቶ ይውጣ፤ አሥር ሰውና ከዚያ በላይ የሚጭን ጀልባ ይወረስ ወይም ይውደም። 45,000 ያህል ጀልባ በዚህ ትእዛዝ ከአገልግሎት ወጣ፤ ከተመዘገቡት ሁለት ሦስተኛው ገደማ መሆኑ ነው።

የጀልባው ነገር በቁም መታየት አለበት። የታችኛው ቤንጋል መንገዱ ውሃ ነው። ዓሣ አጥማጁ ያለ ጀልባ ወደ ባሕር አይወጣም። ሸክላ ሠሪው ጭቃ የሚያመጣው፣ ማሰሮውንም ገበያ የሚያወጣው በጀልባ ነው። በወንዝ መሐል ባሉ ደሴቶች መሬት ያለው ገበሬ ማሳው ላይ የሚደርሰው በጀልባ ነው። ነጋዴውም ከተረፈበት መንደር ወደ ጎደለበት ሩዝ የሚያመላልሰው በዚያው ነው። ካሣ ለባለቤቶቹ ተከፍሏል፤ ጀልባውን ተከራይቶ ይሠራ ለነበረው አጥማጅና ቀዛፊ ግን ሥራው እንደ ወጣ ቀረ። ከዓመት በኋላ አጥሚት ቤት ሲከፈት እህሉን ወደ መንደር የሚያደርስ ማጓጓዣ የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። አገልግሎቱ እግሩን በራሱ እጅ ቆርጦ ነበር የተነሣው።

በኦክቶበር 16 ቀን 1942 ሚድናፖርንና አካባቢውን አውሎ ነፋስና የባሕር ማዕበል መታው፤ ከ14,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ከብት አለቀ፣ የሩዝ ተክልም ተከትሎ በመጣ በሽታ ተጎዳ። ያም ሆኖ በኋላ የተሠራ ስሌት እንደሚያሳየው የ1943 የቤንጋል የእህል አቅርቦት ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ያነሰው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከ1941 እንዲያውም ይበልጣል። በዚህ ስሌት የሚከራከሩ አሉ፤ በዋጋው ግን የሚከራከር የለም። በካልካታ አንድ ማውንድ ሩዝ፣ ማለትም 37 ኪሎ ገደማ፣ በዲሴምበር 1942 ከ13 እስከ 14 ሩፒ ነበር። በማርች 21፣ በሜይ 30፣ በኦገስት 37 ደረሰ። በሩቅ አውራጃዎች ከዚህም አለፈ።

ዋጋውን የሰቀለው ጦርነቱ ነው። መንግሥት ለአየር ማረፊያና ለሠፈር ግንባታ፣ ለወታደር ስንቅና ለፋብሪካ ገንዘብ እያተመ አፈሰሰ። ያ ገንዘብ የደረሰው ከተማ ላለው ሠራተኛና ለሥራ ተቋራጩ ነው። የቀን ሙያተኛው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ፀጉር አስተካካዩ ገቢያቸው ባለበት ቆሞ ሩዙ ጥሏቸው ወጣ። ክፍለ ሀገሮቹም እህል ከድንበራችን አይውጣ ብለው በየበራቸው ቆሙ። በኦገስት መጨረሻ የዋጋ ጣሪያ ሲታወጅ ሩዙ ከገበያ ጭራሹን ተሰወረ፤ ጣሪያ የሚሠራው ያወጀው አካል ራሱ የሚሸጠው እህል ሲኖረው ነው።

ሌላው ሱቅ

በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በደንብ የሚሠራ የእህል አገልግሎት ነበር። በኦገስት 1942 የቤንጋል የንግድ ምክር ቤት ከመንግሥት ጋር ሆኖ ለጦርነቱ «አስፈላጊ» ለተባሉት፣ ለጁት (ጆንያ ለሚሠራበት ቃጫ) ፋብሪካ፣ ለባቡር፣ ለወደብና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ በአሠሪያቸው ሱቅ በኩል በቅናሽ እህል የሚቀርብበትን ዕቅድ ዘረጋ። ዕቃው ይገኛል፣ ዋጋው የተረጋጋ ነው፣ ሰልፉ አጭር ነው። በካልካታ ጎዳና ላይ ሬሳ ሲለቀም የከተማዋ ነዋሪ በረሃብ አለመሞቱ በዚህ ይገለጻል፤ የሞተው ከገጠር የመጣው ነው።

ስለዚህ አስተዳደሩ እህል ማደል አያውቅም ነበር ማለት ትክክል አይደለም። ያውቃል። መዝገብ ይዟል፣ መጋዘን ይዟል፣ ቅድሚያ ሰጥቶ ገዝቷል። ለዚህ አገልግሎት ከአምስት አራት እንሰጠው ነበር፤ ግዢው የገጠሩን ገበያ አራቁቶ መሆኑን ባናውቅ ኖሮ። ከእነዚህ ውጪ ለተራው ከተሜ የተከፈቱ የቁጥጥር ሱቆች ነበሩ፤ ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፉባቸዋል፣ ብዙ ጊዜ እህሉ ከሰልፉ በፊት ያልቃል።

በጎን የነበሩት

የግል ማኅበራት ማዕድ ቤቶችም ነበሩ። ራማክሪሽና ሚሽንና የማርዋሪ የዕርዳታ ማኅበር ከቀዳሚዎቹ ናቸው። ከሁሉ የታሰበበት ሆኖ ያገኘነው ግን ፍሬንድስ አምቡላንስ ዩኒት የተባለው የኩዌከር ክርስቲያኖች የበጎ ፈቃድ ቡድን ከሕንድ ቀይ መስቀል ጋር ያቋቋመው የሕፃናት የወተት ጣቢያ ነው። ተጠቃሚው ተለይቷል፣ ምግቡ ለሆዱ ይስማማል። ጉድለቱ ማነሱ ነው።

በሆስፒታል በኩል ደግሞ ሐኪሞች በደም ሥር የሚሰጥ የተፈጨ ፕሮቲን ሞክረው የተጠበቀውን ያህል አልሆነላቸውም። በወተት ዱቄት፣ በስኳር፣ በዱቄትና በጨው የሚዘጋጅ «የቤንጋል የረሃብ ድብልቅ» የተባለ ምግብም ነበር። ይኸው ድብልቅ በ1945 ጀርመን አገር በርገን ቤልሰን የተባለው የናዚ የእሥረኞች ካምፕ ነፃ ሲወጣ ለእሥረኞቹ ተወሰደ፤ ብዙዎቹ በጣም ጣፍጦባቸው አልወሰዱትም። ለተራበ ሰው ጣዕም አያሳስብም የሚል ካለ ይህን ይያዝ።

የተሻሻለው፣ ከዚያ የተዘጋው

ሎርድ ሊንሊትጎ ቫይስሮይ ሳሉ ረሃቡን ለማየት ቤንጋል አልሄዱም። በኦክቶበር 20 ቀን 1943 የተተኩት ሎርድ ዌቭል በሳምንቱ ካልካታ ገቡ፣ ሠራዊቱም እህል እንዲያጓጉዝ አዘዙ። ለውጡ የታየው ወዲያው ነው፤ የጭነት መኪናው፣ ነዳጁ፣ ሐኪሙ ለካ ነበሩ። ለጦርነቱ ተመድበው ነው የቆዩት። ከዚያ በኋላም ቢሆን አያያዙ አልተስተካከለም፤ የመጣ እህል መጠለያ አጥቶ በካልካታ አጠገብ ባለው የዕፀዋት መናፈሻ ሜዳ ላይ ተከምሮ ዝናብ አበሰበሰው። እህል ከመጥራት በፊት ጣራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብና ሸራ ማዘጋጀት ማንም መጋዘን ጠባቂ የሚያውቀው ነገር ነው።

በ1943 ማብቂያ አማን የሚባለው ዋናው የሩዝ አዝመራ በጣም ያማረ ሆኖ ደረሰ፤ አስተዳደሩም ችግሩ አለፈ ብሎ በዲሴምበር አጥሚት ቤቶቹን መዝጋት ያዘ። በግምገማችን ከምጣኔው ቀጥሎ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። አዝመራው የደረሰው መሬት ላለው ነው። አጥሚት ቤት የሚሰለፈው ሰው ደግሞ መሬቱን፣ በሬውን፣ የቤቱን ቆርቆሮ፣ ድስቱን ሳይቀር ሽጦ የመጣ ነው፤ ርካሽ ሩዝ ለመግዛትም ገንዘብ ያሻል። ሞቱ ጫፍ የደረሰውም በዚያው በዲሴምበር ነው። ገዳዩ በአብዛኛው ወባ ነበር። ጃቫ በማርች 1942 በጃፓን እጅ ስትገባ ከዚያ ይመጣ የነበረው የወባ መድኃኒት ኩዊኒኑም አብሮ ስለሄደ መድኃኒቱ አልነበረም። ፈንጣጣው በ1944 ቀጠለ። መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የሟቹን ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ሲለው፣ የኋላ አጥኚዎች ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ያደርሱታል።

እንዲህ ያለ ማዕድ ቤት መቼ ይዘጋ ለሚል፣ መልሱ ማሳ ላይ ሳይሆን ሚዛን ላይ ነው ያለው፦ የሕፃናቱ ክብደት ሲመለስ፣ የሳምንቱ ሟች ሲቀንስ፣ ሰዎቹም ለቀን ሥራቸው በቂ ሩዝ የሚገዛ ክፍያ ማግኘት ሲጀምሩ። በቤንጋል ሦስቱም አልተጠበቁም። ካልካታ የራሽን ካርድ ያገኘችው በጃንዋሪ 31 ቀን 1944 ነው፤ ገጠሩ አጥሚት ቤቶቹን ማጣት ከጀመረ ያኔ አንድ ወር አልፎት ነበር።